መምህሩ አዲስ መሣሪያ ሲማር



አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ቃል ለካህናት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ በዛሬው ዘመን ለትምህርት ቤት መምህርም የተነገረ ሆኖ ይገኛል። በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ይሠራ የነበረው መምህር አሁን ብዙ ሌላ መሣሪያ ቀርቦለታል። ትምህርትን ከቤት ድረስ የሚያደርስ ቴሌግራም አለ፤ የፈተናን መልስ ራሱ የሚያርም ጉግል ፎርም አለ፤ የጂኦሜትሪን ሥዕል የሚያንቀሳቅስ ጂኦጀብራ አለ፤ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። ስለዚህ መምህር እነዚህን ሲማር በምን ሚዛን ሊመዝናቸው እንደሚገባ፥ የልጆቹም ወላጆች በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳላቸው በዚህ ወር ጥቂት እንነጋገራለን።

በትምህርት ቤቶቻችን አዲስ መሣሪያ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት ጀምሮ ነበር። የትምህርቱ ሥዕል ግልጽ፥ ዝግጅቱም የተደከመበት ነበር። ቤተ ሙከራ ባልነበረው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ አድርጎታል። ይሁን እንጂ መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት በመካከሉ ተመልካች ሆነ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያቆመው አልነበረም፤ መብራት ከጠፋም የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ልጁን አይጠብቅም ነበር ማለት ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የዚህን ጉድለት ክብደት ፈጥኖ ያስተውላል። የኔታ ደቀ መዝሙሩ የዛሬውን ንባብ አጥርቶ እስኪያሰማቸው ድረስ ወደ ነገው አያሳልፉትም። ፈጣኑ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዘገምተኛውም በራሱ እርምጃ ይከተላል፤ አንዱ ሌላውን አይጎትተውም፥ አይተወውምም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሚዛን ይህ ነው። መሣሪያው ልጁን ይጠብቃልን? መምህሩ በድምፁ ቀርጾ የሚልከው የ5 ደቂቃ ማብራሪያ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከፕላዝማው ይሻላል፤ ልጁ ሊያቆመው፥ ወደ ኋላ ሊመልሰው፥ ሦስት ጊዜም ሊሰማው ይችላልና።

ሁለተኛውን ሚዛን ያስተማረን የ2012 ዓ.ም. መከራ ነው። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ በኋላ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ጥቅምትም ድረስ ተዘግተው ቆዩ። ያን ጊዜ ቴሌግራምን ለወሬ መለዋወጫ ብቻ ያውቁት የነበሩ መምህራን በጥቂት ቀን ውስጥ የማስተማሪያ መሣሪያ ሊያደርጉት ተገደዱ። አዲስ አበባን ከብበው ባሉት ከተሞች፥ በለገዳዲም ሆነ በሰበታ፥ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፥ መምህሩ ማታ ማታ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ጥያቄም እየጨመረ ይልክ ነበር። ትጋቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማሩ የነበሩ ልጆች ስልክ ያለውና ስልክ የሌለው ተብለው በሁለት ተከፈሉ።

በዚያው ወራት አንድ ባልንጀራችን መምህር የሰጠው የቤት ሥራ ከአንዲት ተማሪው ዘወትር ዘግይቶ ይደርሰው ስለ ነበር እናቲቱን በመንገድ አግኝቶ ምክንያቱን ጠየቃቸው። እርሳቸውም «መምህር፥ ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ በቤታችን ያለው ስልክ የአባቷ ነው፤ እርሱም ሾፌር ስለ ሆነ ከሦስት ሰዓት በፊት አይገባም። የሚያመሸው ስልኩ ነው እንጂ ልጅቱስ ስትጠብቅ ታመሻለች» ብለው መለሱለት። መምህሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሥራውን መመለሻ ከማታው ወደ ሦስተኛው ቀን አዛወረው፤ ጥያቄውንም በወረቀት አባዝቶ በሰፈሩ ካለች አንዲት ሱቅ ያስቀምጥ ጀመር። ይህን ለማድረግ አዲስ መተግበሪያ መማር አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው መሣሪያው የማይደርስበትን ልጅ ማሰብ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ሚዛን ይህ ይሁን። መምህር አዲስ መሣሪያ ሊጠቀም ሲነሣ አስቀድሞ «ይህ ለሌለው ልጅ ምን አዘጋጀሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚጀምር ሰው መሣሪያው ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ለባለጸጋው ልጅ ሁለተኛ መምህር መጨመሩ፥ ከድኻው ልጅም ያለውን አንዱን መቀነሱ ነው።

እንዲህ ስንል መምህራን ከአዲሱ ነገር ይራቁ ማለታችን አይደለም። መድኃኒቱ በራሳችን ልማድ ውስጥ አለ። በፊደል ቤት መጽሐፍ ውድና ጥቂት በነበረበት ዘመን አንዱን ዳዊት ብዙ ልጆች ከብበው ይማሩበት ነበር፤ ቀድሞ የተማረው ልጅም ለኋለኛው ፊደል ያስቈጥረው ነበር። አንዱ ስልክም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሦስት ወይም አራት የአንድ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሰዓት ስልክ ካለበት ቤት ይሰብሰቡ። አንዱ ጥያቄውን ጮኾ ያንብብ፤ ሁሉም በየደብተራቸው ይሥሩ፤ ከዚያም መልሳቸውን ያመዛዝኑ። የቤቱ እናት ወይም አባት በአጠገባቸው ይሁኑ። መምህሩም ይህን ማኅበር አውቆ የሚልከውን ነገር ቀላል ያድርግላቸው። ረጅም ቪዲዮ ብዙ ዳታ ስለሚበላ የድኻን ቤት ገንዘብ ይፈጃል፤ አጭር ጽሑፍና አጭር የድምፅ መልእክት ግን በጥቂት ሳንቲም ይደርሳል። ደግሞም እንደ ጂኦጀብራ ያሉት አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒዩተሩ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራምም ውክፔዲያን እንዳለ ገልብጦ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ማንበብ ይቻላል። ትጉህ መምህር አስቀድሞ ሊማር የሚገባው እንዲህ ያሉትን ነው።

ሦስተኛው ሚዛን እውነት ነው። ለገዳዲ የታወቀችው የአዲስ አበባ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ነው። ግድቡ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዋናዋን ከተማ ሲያጠጣ ኖሯል። ነገር ግን ከግድቡ በቀጥታ የሚጠጣ ማንም የለም። ክረምት ጠርጎ ያመጣው ጭቃ አለበትና አስቀድሞ የሚያረጋ መድኃኒት ተጨምሮበት ይዘቅጣል፤ በአሸዋ ይጣራል፤ ክሎሪንም ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ በቧንቧ ይሄዳል። የኢንተርኔትም ዕውቀት ብዛቱ እንደ ግድብ ነው፤ ጭቃውም እንዲሁ። በግድቡና በልጁ ጽዋ መካከል የሚቆመው ማጣሪያ መምህሩ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ልጁ ስለ ዐድዋ ድል እንዲጽፍ ታዞ ስልኩን ቢጠይቅ «1896» የሚል ያገኛል። ያንኑ ገልብጦ ከኋላው «ዓ.ም.» ብሎ ቢጨምር ስሕተት ነው፤ ድሉ የተገኘው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነውና፤ 1896 የኤውሮፓውያን ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት ቻትጂፒቲና እርሱን የመሰሉትም በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ሆኖም የማያውቁትንም ነገር እንደሚያውቁት አድርገው በድፍረት የሚናገሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መምህሩ መልሱን ከማስገልበጥ ይልቅ «ይህን መልስ ከመጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩና ስሕተቱን ፈልጉ» ብሎ ቢያዝዝ መሣሪያውን ለአእምሮ ማሠልጠኛ አደረገው ማለት ነው።

ስለ ጽሕፈትም አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። ቀድሞ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር የሚጽፉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስሌት ስለ ነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። በየትምህርት ቤቱ የተቀመጡ የቆዩ ፈተናዎች ዛሬ የማይነበቡት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ በዚህ ሥርዐት የተጻፈ ጽሑፍ በአብዛኞቹ ስልኮች ይነበባል። መምህር ሆይ፥ የሰሌዳህን ፎቶግራፍ ከመላክ ይልቅ በዚህ ፊደል መጻፍን ተማር። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሌላውም ትምህርት ቤት ማየት የተሳነው ተማሪ አይታጣም። በፊደል የተጻፈውን ጮኾ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በጠመኔ የተጻፈ ነገር ፎቶግራፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለእርሱ ዝም ያለ ወረቀት ነው። ከዚህም ጋር በእነዚህ ከተሞች የአንዱ ቤት አፍ መፍቻ አማርኛ፥ የሌላው ኦሮምኛ ነውና ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ወላጅ ያላነበበው ማስታወቂያ እንዳልተላከ ይቈጠራል።

የልጆችንም ክብር መጠበቅ የመምህሩ ግዴታ ነው። በቴሌግራም «ግሩፕ» የተባለው ሁሉም የሚነጋገርበት፥ አባላቱም እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት ነው፤ «ቻናል» የተባለው ግን ባለቤቱ ብቻ የሚናገርበትና ተከታዮቹ አንዱ ሌላውን የማያይበት ነው። ትምህርት ለመላክ ቻናሉ ይሻላል። የልጅን ውጤት በሁሉ ፊት መለጠፍ፥ ፎቶግራፉንም ያለ ወላጅ ፈቃድ ማውጣት አይገባም።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ሁሉ ከየት ይማር? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሆኖ የድረ ገጽ አሠራርንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት የሚያስተምር ነው፤ ብዙ መምህራንም ገብተውበታል። ከዚህ ሌላ በክፍሉ የተቀመጡት ልጆች አሉ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ስልክን ከመምህሩ ይልቅ ቢያውቅ ለመምህሩ ውርደት አይደለም። መምህሩ ሲጠይቅ ያየ ልጅ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ይማራል፤ ይህም ከመሣሪያው የሚበልጥ ትምህርት ነው። ደግሞም ሁሉን በአንድ ጊዜ መያዝ አያስፈልግም። በአንድ የትምህርት ዘመን አጋማሽ አንድ መሣሪያ አጥርቶ ማወቅ ዐሥሩን ቀምሶ ከመተው ይሻላል። ጉግል ፎርም የ60 ተማሪን የምርጫ ጥያቄ በቅጽበት ሲያርም መምህሩ ለሌሊት እርማት ያጠፋው የነበረ ሰዓት ይተርፈዋል። ያ የተረፈው ሰዓት ወዴት ይሄዳል? ስልክ ወደሌለው ልጅ ካልሄደ የመሣሪያው ጥቅም ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። በቤታችሁ ያለውን ስልክ ከትምህርት ዕቃ እንደ አንዱ ቈጥራችሁ በቀን አንድ የታወቀ ሰዓት ለልጃችሁ ስጡት፤ ያ ሰዓት ሲያልቅም መልሳችሁ ተቀበሉት። በዚያ ሰዓት የጎረቤት ልጅ በራችሁን ቢያንኳኳ ወደ ውስጥ አስገቡት። በቤታችሁ ስልክ ከሌለ ወይም የሚያመሽ ከሆነ ደግሞ ሳታፍሩ ለመምህሩ ንገሩት፤ መምህር ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልምና። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ስለ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ነገር ግን መምህሩ፥ ወላጁና ጎረቤቱ ካላበሩ ዓለምን የሸፈነው ይህ ድር ሁሉ አንዱን የለገዳዲ ልጅ እንኳ ሊያስተምረው አይችልም።