አስተማሪዎቹስ እነማን ናቸው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈሬ ሴት ማታ ከሥራ ስትመለስ በሬ ላይ አገኘችኝና አቆመችኝ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ናት። የመጀመሪያ ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ጋዜጠኝነት ለመማር ተመዝግባለች።

«ዕቁቤ የሚወጣልኝ በዚህ ወር ነው፤ ለልጅቷ ክፍያ ላውለው አስቤአለሁ» አለችኝ። «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለም? እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪምን የሚያስተምረው ሐኪም ነው። እኔንም ስፌት ያስተማሩኝ መርፌ ሲወጋቸው የኖሩ ሴቶች ናቸው። ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩት ግን ምን ሠርተው ያውቃሉ? ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ቤቱም የኪራይ ነው ይባላል። ገንዘቤን ገደል እየከተትሁት ይሆን?»

ቆሜ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። እሑድ ቡና አፍልቼ እንደምጠራት ነግሬያት ተለያየን። ጥያቄዋ ግን እስከ እሑድ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ወላጆች ልጅ ስናስመዘግብ ስለ ክፍያው፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ መንገዱ ርቀት እንጠይቃለን። ልጃችን ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ከክፍል ሲወጣ ምን እንደሚወድ ግን አንጠይቅም። በሒሳብ ትምህርት ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ጋዜጠኝነት ግን ከመጽሐፍ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ቀሪው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሙያ ነው። እኔ ራሴ ስማር አንድ አስተማሪ ዓመቱን ሙሉ ከቢጫ ወረቀት እያነበቡ ማስታወሻ ሲያስገለብጡን ከርመዋል። አንድም ቀን ወጥታችሁ ሰው አነጋግሩ ብለውን አያውቁም። ዛሬ ከዚያ ማስታወሻ የማስታውሰው ነገር የለም።

ስለዚህ ለጎረቤቴ የነገርኋትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ታሪኩ በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት ውስጥ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ኮሌጆችንና የጋዜጠኝነት አስተማሪዎቻቸውን ይመለከታል። ሁለቱ ኮሌጆች የሚራራቁት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልጠቁም።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ማንሣት ግድ ነው። ኮሎምቢያ በምትባለው የሚዙሪ ከተማ (ከደቡብ አሜሪካዋ አገር ጋር በስም ብቻ ነው የምትመሳሰለው) በ1908 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥራቹ ዋልተር ዊሊያምስ የተባሉ የጋዜጣ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በዓለም የመጀመሪያው የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ነኝ ይላል። የሁለቱም ትንንሽ ኮሌጆች ታሪክ ከዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይነሣል።

ከዚህ ትምህርት ቤት በ1910 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ተመረቁ፤ ሜሪ ፓክስተን ይባላሉ። የተወለዱት በ1886 ዓ.ም. ኢንዲፔንደንስ በተባለች ከተማ ነው። ጎረቤታቸውና የልጅነት ጓደኛቸው ቤስ ዋላስ ትባል ነበር፤ ኋላ የፕሬዚዳንት ትሩማን ባለቤት የሆነችው ናት። በ1903 ዓ.ም. ሜሪ እናታቸውን በሳንባ ነቀርሳ አጡ። በዚያው ዓመት የቤስ አባት በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ሐዘኑ በደረሰ ዕለት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሜሪ ከጓደኛዋ ጋር ጓሮ ለጓሮ ዝም ብላ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ዋለች። እኔ ይህን ሳስብ፣ አንዲት ጋዜጠኛ ወሬ የሚወራበት ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል እንዲህ ባለ ዕድሜ ካየች ለሙያዋ ከዚህ የሚበልጥ ስንቅ የላትም እላለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ሜሪ ሲመረቁ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ «ፖስት» በተባለው ጋዜጣ ተቀጠሩ። በዚያች ከተማ የመጀመሪያዋ ሴት ሪፖርተር እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ለአንድ የኮሌጅ አስተማሪ የሚጠበቅ ዓይነት አይደለም። የቤት አያያዝ ትምህርት ተምረው በገጠር ለሚኖሩ ሴቶች አስተማሪ ሆኑ። በዚያ ዘመን የዚህ ሥራ ባልደረቦች ከመንደር መንደር እየዞሩ ፍራፍሬና አትክልት እንዴት እንደሚቆይ፣ ምግብ እንዴት ንጹሕ እንደሚሆን ያሳዩ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው ለወታደሮች ሻይ ቤት ውስጥ ሠሩ። በ1919 ዓ.ም. አግብተው ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስማቸውም ሜሪ ፓክስተን ኪሊ ሆነ።

ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ያዳመጠችው የሚቀጥለውን ነው። የወይዘሮ ኪሊ ባለቤት በጠና ታመሙ። ቤተሰቡን ማስተዳደር በሴትየዋ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ባላቸውንም በሞት ተነጠቁ። ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ ኮሎምቢያ ተመለሱ። ዕድሜአቸው አርባ አልፎ ነበር። በዚያ ዕድሜ ደብተር ይዘው ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው በ1928 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመትም በከተማዋ በሚገኘው ክርስቲያን ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ።

ክርስቲያን ኮሌጅ በ1851 ዓ.ም. የተቋቋመ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። ዛሬ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ይባላል፤ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ወንዶችም ይማሩበታል። ትልቁ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ ትንሹ ኮሌጅ ምን ሊሰጥ ይችላል? ወይዘሮ ኪሊ «ማይክሮፎን» የተባለ የተማሪዎች ጋዜጣ አቋቋሙ። ልጃገረዶቹ ራሳቸው ዜና እየፈለጉ፣ ራሳቸው እየጻፉ፣ ስሕተታቸውን ታትሞ እያዩ ተማሩ። ጽሑፍ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ማንም አይቆጣም። ታትሞ ሲወጣ ግን ስሙ የተሳሳተበት ሰው በማግሥቱ በር ያንኳኳል። ይህን የመሰለ አስተማሪ የለም፤ በሙያው ያላችሁ ትመሰክራላችሁ።

የሴትየዋ ፍላጎት በጋዜጣ አላበቃም። ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ለልጆችም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወዳሉ። ስለ ተወለዱባት ከተማ የልጅነት ትዝታቸውን መዝግበዋል። እስከ 1952 ዓ.ም. አስተምረው ጡረታ ወጡና መቶኛ ዓመታቸውን አክብረው በ1986 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ በኮሎምቢያ ከተማ በስማቸው የሚጠራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

«እርሷስ ዕድለኛ ናት» አለችኝ ጎረቤቴ። «በሩ ተከፍቶላታል።»

እውነቷን ነው። ለሜሪ የተከፈተው በር ለሌላዋ ሴት ተዘግቷል። ሁለተኛው ኮሌጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሉሲል ብሉፎርድ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ተወልደው እናታቸውን በሕፃንነት አጡ፤ አባታቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። በጎረቤት ግዛት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምረው በ1932 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በካንሳስ ሲቲም «ዘ ኮል» በተባለው የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ሠሩ። በ1939 ዓ.ም. ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሚዙሪው ትልቅ ትምህርት ቤት አመለከቱ። ማስረጃቸው በፖስታ ታይቶ ተቀባይነት አገኘ። ለመመዝገብ በአካል ሲሄዱ ግን የቆዳቸው ቀለም ታየና ተመለሱ። ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት።

በ1941 ዓ.ም. የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በጄፈርሰን ሲቲ ያለው የጥቁሮች ኮሌጅ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ለመክፈት ዕድል ይሰጠው አለ። በ1942 ዓ.ም. ሊንከን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ከፈተ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሴትዮዋን ከመቀበል ይልቅ በጋዜጠኝነት የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ዘጋ፤ በጦርነቱ ምክንያት ነው አለ። ልብ በሉ፤ አንድ ትምህርት ቤት የተከፈተው አንዲት ሴት ሌላ ቦታ እንዳትገባ ተብሎ ነው። እንዲህ ካለ ቤት ምን ይጠበቃል?

ሊንከን ግን ተራ ቤት አልነበረም። በ1866 ዓ.ም. ያቋቋሙት ከእርስ በርሱ ጦርነት የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ከደመወዛቸው አዋጥተው ከስድስት ሺሕ ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ አብዛኞቹ በሠራዊቱ ውስጥ ሳሉ ማንበብ የጀመሩ ነበሩ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ «ዕቁብ በለው!» ብላ ሳቀች።

የጋዜጠኝነቱን ትምህርት እንዲመሩ የተመደቡት አርሚስቴድ ፕራይድ ናቸው። መነሻቸው የጋዜጣ ማተሚያ ቤት አልነበረም፤ በዚያው ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ ነበሩ። ጋዜጠኝነትን ኖርዝዌስተርን በተባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። እዚህ ላይ የጎረቤቴ ጥርጣሬ ቦታ ያለው ይመስላል፤ የቋንቋ መምህር ስለ ዜና ምን ያውቃል? ነገር ግን እኒህ ሰው አንድ የማይለቅ ፍቅር ነበራቸው፤ ይኸውም አሮጌ ጋዜጣ ነው።

የእኛ አሮጌ ጋዜጣ የት እንደሚሄድ እናውቃለን። ባለሱቁ በርበሬ ይጠቀልልበታል። ቀድሞ በየጭቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ እኔም ማንበብ የተለማመድሁት ከአልጋዬ በላይ ተዘቅዝቆ ከተለጠፈ ገጽ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። የመጀመሪያው በ1827 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታትሟል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ታትመው ይቆማሉ፤ ቅጂዎቻቸውም ይበታተናሉ። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት አብዛኞቹን አላስቀመጧቸውም። ፕራይድ በየግዛቱ እየዞሩ የቀሩትን ፈለጉ። በ1946 እና በ1947 ዓ.ም. እነዚህን ጋዜጦች በማይክሮፊልም የማስቀረቱን ሥራ መሩ። ማይክሮፊልም ማለት ገጹ በጣም ተቀንሶ በፊልም ጥቅል ላይ የሚነሣበት ዘዴ ነው፤ ወረቀቱ ቢበሰብስም ጽሑፉ ይተርፋል። በ1950 ዓ.ም. የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚሁ ጉዳይ ላይ አቀረቡ። ከ1827 እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ወደ 2,700 የሚጠጉ የጥቁሮች ጋዜጦች እንደነበሩ ያሰሉት እኒህ አስተማሪ ናቸው።

እነዚያ የጥቁሮች ጋዜጦች ለእኛም ባዕድ አይደሉም። በ1935 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ጉዳዩን በየሳምንቱ ለጥቁር አሜሪካውያን ያደርሱ የነበሩት እነርሱ ናቸው። ከመካከላቸው «ፒትስበርግ ኩሪየር» ጄ. ኤ. ሮጀርስ የተባሉትን ጸሐፊ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ልኮ ነበር። የእኛ ሐዘን የተጻፈበት ወረቀት መጠቅለያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምን ያህል እንደምንጎዳ አስቡት።

አሁን ከእኒህ አስተማሪ ፊት የተቀመጠችውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ገምቱ። የተቀመጠችበት ክፍል የተከፈተው ሌላዋን ሴት ለመከልከል እንደሆነ ታውቃለች። ከፊት ለፊቷ የቆመው ሰው ግን ከእርሷ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሲጽፉ የኖሩ ጥቁር ጋዜጠኞች እንደነበሩ በስም፣ በከተማና በዓመት ሊነግራት ይችላል። ይህን ትልቁ ትምህርት ቤት በዚያ ጊዜ ሊሰጣት አይችልም ነበር። ፕራይድ በ1991 ዓ.ም. ሞቱ። በሌላ ምሁር እጅ የተጠናቀቀው የጥቁሮች ጋዜጦች ታሪክ መጽሐፋቸው በ1997 ዓ.ም. ታተመ።

«ሴትዮዋስ?» አለች ጎረቤቴ፤ ብሉፎርድን አልረሳችም። ወደ ጋዜጣቸው ተመልሰው በ1955 ዓ.ም. ዋና አዘጋጅ ሆኑ። በሩን የዘጋባቸው ትምህርት ቤት በ1984 ዓ.ም. የክብር ሜዳልያ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ2003 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ጋዜጠኛ ነበሩ።

ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። ጎረቤቴ ልጇን ጠራቻትና «ነገ ሄደሽ ስለ አስተማሪዎቹ ጠይቂ» አለቻት። ልጅቷ ዐፈረች፤ «እንዴት ተብሎ መምህር ይጠየቃል?» አለች። «ጋዜጠኛ ልትሆኚ አይደል እንዴ?» አለቻት እናቷ።

ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ራሷ መጣችና ነገረችኝ። ሁለት አስተማሪዎችን አነጋግራለች። አንደኛው ችኩለዋል፤ ፕሮግራሙ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል ብለው ሸኟት። ሁለተኛዋ ግን በክፍለ ሀገር ሬድዮ ብዙ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጧት። እናቶች ልጅ ሲያስተኙ የሚሉትን እሹሩሩ ከየአገሩ በቴፕ እየቀዱ እንደሚሰበስቡ ነገሯት፤ ቤታቸው በካሴት የተሞላ ነው። ከዚያም ጥያቄውን አዙረው «እናትሽ ምን ትልሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አላስታወሰችም። ማታ እናቷን ስትጠይቅ አመሸች።

ዕቁቡ የወጣው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊከፍሉ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።