ከዋሽንግተን ይልቅ ሴንት ፖል ይቀርባል

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ የሚገኘው የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። 3,700 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ተቋም፣ ሲዲሲ፣ የላካቸው ባለሙያዎች ባዘጋጁት ሰነድ ላይ በፋብሪካው 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ጻፉ። በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። ትኩሳት ይዞት ወደ ቤቱ ለሚሸኝ ሠራተኛ ይሰጥ የነበረው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። ስለ በሽታው የሚያስረዳውም፣ መቼ ወደ ሥራ እንደሚመለስ የሚነግረውም ያው ወረቀት ነው።

ከሠራተኞቹ ቢያንስ 1,294 ሰዎች በቫይረሱ ተያዙ፤ አራቱ ሞቱ። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ በኩባንያው ላይ የጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነበር።

ወላጆች ከሥራ እንዳይባረሩ ሰግተው ዝም ባሉ ጊዜ የተናገሩት ልጆቻቸው ናቸው። አሜሪካ ያደጉ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ የሚጠጡ ወጣቶች ራሳቸውን «የስሚዝፊልድ ልጆች» ብለው ተሰባሰቡ፤ ጋዜጠኛ ፊት ቀርበው የእናት አባቶቻቸውን ጉዳይ አስረዱ። የኢትዮጵያውያን ልጆችም በመካከላቸው ነበሩ። በዓመቱ የሥራ ውል ድርድር ሲመጣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ድምፅ ሰጪዎች 98 በመቶው አድማ እንዲጠራ ፈቀዱ፤ አድማው ሳይደረግ ኩባንያውና ማኅበሩ ተስማሙ። ውል ግን የሚያገለግለው ለዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ ነው። መንገድ ማዶ ያለውን የሌላ ፋብሪካ ሠራተኛም ሊጠብቅ የሚችለው የስቴቱ ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ ዋሽንግተን ሳይሆን የስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ ይጻፋል።

የሳውዝ ዳኮታ አጎራባች ሚኒሶታ በዋና ከተማዋ በሴንት ፖል ይህን በተግባር አሳይታለች። ሻኮፒ በሚገኘው የአማዞን መጋዘን የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች በ2018 መጨረሻ ከበሩ ፊት ሰልፍ ወጡ፤ በጁላይ 2019 ደግሞ ኩባንያው ታላቅ ቅናሽ በሚያደርግበት ቀን ሥራ አቆሙ። ግንባር ቀደሞቹ ሶማሌዎች ነበሩ፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። አቤቱታቸው የሚጨበጥ ነበር፦ በሰዓት ይህን ያህል ዕቃ አንሳ ይባላል፣ ልኩ ግን በግልጽ አይነገርም፤ ለጸሎት ወይም ለሽንት የወጣበት ደቂቃ ይቆጠርበታል። አዉድ የተባለው የሚኒያፖሊስ ማኅበራቸው ጉዳዩን ከመጋዘን በር ወደ ስቴቱ ምክር ቤት ወሰደው። በ2023 የወጣው የመጋዘን ሠራተኞች ሕግ ታዲያ ኮታው በጽሑፍ፣ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲሰጠው ያዛል። ለምግብ፣ ለዕረፍት፣ ለጸሎትና ለመጸዳጃ ጊዜ የማይተው ኮታም ሊጫንበት አይችልም። «ጸሎት» የሚለው ቃል ሕጉ ውስጥ የገባው ሰዎቹ ከሥራ ቦታቸው ይዘውት ስለመጡ ነው።

በዚያው ዓመት ሌሎችም ሕጎች ወጡ። አንዱ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞችን ደኅንነት የሚጠብቅ ነው። ሌላው የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞችን ዝቅተኛ ክፍያና የሥራ ሁኔታ የሚወስን ቦርድ አቋቋመ፤ ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ሦስቱ ከሠራተኞች፣ ሦስቱ ከአሠሪዎች፣ ሦስቱ ከመንግሥት። ስንት ኢትዮጵያዊት ነርስ ረዳት በሌሊት ሺፍት እንደምታድር የሚያውቅ ሰው ይህ ቦርድ የማንን ኑሮ እንደሚነካ ወዲያው ይገባዋል።

እርሻውም እንዲሁ ነው። የሚኒሶታ የግብርና መሥሪያ ቤት ከስደተኛውና መሬት ከሌለው አዲስ ገበሬ ጋር ተቀምጦ ችግሩን ካዳመጠ በኋላ ለአዳዲስ ገበሬዎች የሚሆን ቢሮ ከፍቷል፤ መሬት ለሚገዛ ጀማሪም እስከ 15,000 ዶላር የቅድሚያ ክፍያ ድጋፍ ጀምሯል። ጓሮው ውስጥ ጎመንና ቃሪያ ተክሎ የሚያድር፣ ጤፍ ለመሞከር የሚያስብ ሰው በየከተማው አለ። ቢሮው መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያውያን ሕግ አውጪን ማሳመን አያውቁም ማለት አይቻልም። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የተጻፈው ኤች አር 128 የተባለው ውሳኔ በኤፕሪል 2018 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ፣ የኮሎራዶን ተወካይ ደጅ እየጠኑ የገፉት በኦሮራና በዴንቨር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስልክ መደወሉን፣ ፊርማ ማሰባሰቡን፣ ቀጠሮ መያዙን ሁሉ ያውቁበታል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ችሎታ ስለ አገር ቤት ጉዳይ ሲሆን ብቻ መነቃቃቱ ነው። ስለ ገዛ ትርፍ ሰዓታቸው፣ ስለ ገዛ ወገባቸው ሲሆን ዝም ይባላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገራችን ሰው።

ደግሞም የስቴቱ በር ሰፊ ነው። አንድ የሚኒሶታ የኮንግረስ አባል ከ700,000 በላይ ሰው ሲወክል፣ አንድ የስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚወክለው 42,000 ያህል ነው። ከአንድ ሰፈር የተላከ 20 ደብዳቤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ምስክርነት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም፤ ግሪን ካርድ ያለውም መናገር ይችላል። የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ንግግር ሳይሆን በፈረቃው ላይ የደረሰ አንድ ነገር ነው። ምስክርነቱ በይፋ እንደሚቀዳ ግን መታወቅ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተስተካከለ ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ቢያማክር ወይም ማኅበሩ ስለ እሱ ቢናገርለት ይሻላል።

የሚኒሶታ ምክር ቤት ሥራውን የሚያጠናቅቀው በሜይ ነው፤ የሳውዝ ዳኮታው ደግሞ በማርች አብዛኛውን ይጨርሳል። ስለዚህ ዝግጅቱ ምክር ቤቶቹ ከመሰብሰባቸው በፊት፣ በመጸው ይጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና የኮሚዩኒቲ ማኅበራት የሰፈራቸውን የስቴት ተወካይ ከኦክቶበር በፊት ለአንድ ምሽት ይጥሩ፤ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞችን ከፊት ወንበር ያስቀምጡ። ሠራተኛው በአማርኛ ይናገር፤ ልጆቹ ይተርጉሙለት።