ሁለተኛው ሞተር በጀማሪው ልክ ይመረጥ



ከግቢ ውጪ ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ልጆች ነን። አምና አዋጥተን አንድ ሞተር ገዛን፤ 180 ሲሲ፣ ከፍ ያለ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ። ከዋናው ግቢ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ለሚመላለሰው ልጅ ትልቅ እፎይታ ሆነ። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት፣ ጠዋት ጠዋት ጭቃ ላይ ቆሞ ባጃጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

አሁን ሁለተኛ ልንገዛ ነው፤ ቤቱም ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ያንኑ እንድገም፣ ከተቻለም ከፍ ያለ እንጨምር" ይላል። እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። ሁለተኛው ሞተር መመረጥ ያለበት ከመካከላችን ብዙ ልምድ በሌለው ልጅና ከኋላ በሚቀመጠው ሰው ልክ ነው እላለሁ። አዋጥተው ለመግዛት የሚያስቡ ሌሎች ቤቶችም ስላሉ ክርክራችንን ወደ እናንተ ላምጣው።

እንዲህ የምለው በምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ አንዱ ጓደኛችን መንዳት በጀመረ በአራተኛው ቀን ሌላውን ከኋላ አስቀምጦ ወጣ። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ካፊያ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል። ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አንድ ባጃጅ ድንገት ቆመበት። ደንግጦ የፊቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ጨበጠው፤ ጎማው ተንሸራተተና ሁለቱም ወደቁ። የነጂው የእጅ አንጓ ተሰበረ። ከኋላ የነበረው ሄልሜት ስላላደረገ ግንባሩ ተሰፋ፤ የአንድ ኮርስ ፋይናልም አመለጠው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ነገር ግን "ቀደር ነው" ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሰበቡን ያላደረስነው እኛ ነን።

ሞተሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ለጀማሪ ግን አልነበረም። 180 ሲሲ ሞተር ወደ 140 ኪሎ ይመዝናል። ቦክሰር 100 ደግሞ ወደ 110 ኪሎ ነው፤ ጉልበቱም የትልቁን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። 30 ኪሎ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ሞተሩ ቆሞ ሲያዘነብል በአንድ እግሩ ሊደግፈው ለሚታገል ልጅ ግን የመውደቅና ያለመውደቅ ልዩነት ነው። ጀማሪ ፍሪሲዮን ቶሎ ይለቃል፣ ነዳጅ ሳያስበው ይሰጣል። ትንሹ ሞተር እንዲህ ያለውን ስሕተት ብዙ ጊዜ ይታገሣል፤ ትልቁ ወዲያው ይወረወራል። ፍጥነትም እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከኋላ ሰው ሲጨመር ነገሩ ሁሉ ይከብዳል።

ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ሞተር ስንገዛ ማንም አያስብም። እኔ ያሰብኩት እህቴ እዚሁ ግቢ ከገባች በኋላ ነው። ከመናኸሪያ ሳመጣት የስፖርቱ ሞተር የኋላ መቀመጫ ጠባብና ከፍ ያለ ስለሆነ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ፊት ትንሸራተታለች። ከዚያ የባሰው ጅልባቧ ነው። የረጅም ልብስ ጫፍ ካቴና ወይም የጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ ሰውን ጎትቶ ይጥላል። ሕንዶች በሳሪ ምክንያት ይህን ችግር ስለሚያውቁት ብዙ ሞተሮቻቸው ከኋላ ጎማ በግራ በኩል መከላከያ ብረት ይዘው ይወጣሉ። ስትገዙ መኖሩን እዩ፤ ተፈቶ ከሆነ በያጅ አሠርታችሁ አስገቡ። ካቴናው ሙሉ ሽፋን ይኑረው። መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ ይሁን፤ የተሳፋሪው እግር መርገጫና እጀታም የጠበቀ ይሁን። እህቶችም ጫፉን ሰብስባችሁ ተቀመጡበት። በጎን መቀመጥ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ስለሚያደርገው፣ ከውስጥ ሱሪ ለብሶ በሁለት ወገን መቀመጥ ይሻላል።

የጓደኞቼ መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። "100 ሲሲ ሁለት ሰው ይዞ ዳገት ላይ ያቃስታል፤ ልጁም በሦስት ወር ይለምድና ይሰለቸዋል" ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው አዘውትሮ የሚጫንበት ቤት 125 ሲሲ ይግዛ፤ ቦክሰር 125 ወይም የቲቪኤሱ ኤች ኤል ኤክስ 125 ዓይነት። ለጭነትና ለሰው ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ከስፖርቱ ቀለል ይላሉ፣ መቀመጫቸው ሰፊ ነው። ቦክሰር ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚሠራው ፋብሪካ ስሪት ስለሆነ ለመካኒኮቻችን እንግዳ አይደለም። ቤንዚንም ቆጣቢ ናቸው፤ ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀኑን ያቃጠለ ይህ ይገባዋል። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። የለመደው ልጅ ያኔ ወደ ትልቁ ይዛወራል፤ ትንሹ ለቀጣዩ ጀማሪ ይቀራል። ሁለት ሞተር መኖሩ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጀማሪው ይቀመጥበት። ሁለቱ እግሮቹ መሬት በደንብ ካልረገጡ ተዉት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር የአነሳስ ችግሩን ይደብቃል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ቦሎውንም አትርሱ።

ገንዘቡን በሙሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። የሁለት ሄልሜት ዋጋ አስቀድሞ ይነሳ፤ አንዱ ለነጂው፣ አንዱ ለተሳፋሪው። እ.ኤ.አ. በ2008 61 ጥናቶችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሄልሜት ለመግዛት ብር ካነሰ አንድ ወር ጠብቃችሁ አሰባስቡ።

በእኛ ቤት ያቀረብኩት ስምምነት አጭር ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ቁልፍ አይነካም። ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሰው አይጭንም። በዝናብና በማታ ትልቁን ሞተር የሚነዳው የለመደው ብቻ ነው። የጋራ ንብረት አማና ነው እንላለን፤ ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከሞተሩ የበለጠ አማና ነው። እኔ ያን ቀን ቁልፉን ስሰጥ ይህን አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜ እንወስናለን፣ ኢንሻአላህ። ድምፄ ለትንሹ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።