የቆመ መኪና ስንቅ

የጣርማበርን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ እስከ አንገቱ የቆለፈውን ጃኬት ደብረ ሲና ሲደርስ ይከፍተዋል፤ አርማንያን ሲያልፍ ያወልቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ ለምን ይዞት እንደ መጣ ራሱን ይጠይቃል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሮቢት የተቀመጠችው ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ አርፍዶ የተነሳ ጭነት ብዙ ጊዜ የሚመሽበት እዚያ ነው። የቀወት ወረዳ መዲና ከሽንኩርቷና ከማሾዋ ሌላ አንድ የቆየ ሥራ አላት፤ መኪና ታሳድራለች።

እኔም በቅርቡ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ለቅሶ ልደርስ ወርጄ ሁለት ሌሊት አደርኩባት። የያዝነው ክፍል ከምድጃ የማይሻል ስለነበር ወንበር ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አይሱዙዎች ሽንኩርት እንደ ጫኑ ቆመዋል። ከጎናቸው ሁለት ሲኖትራክ፣ ጥቂት የቤት መኪኖች፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ባጃጅ አለ። በጨለማው ውስጥ ከፊት መስታወቶቹ ኋላ ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። ግማሽ ያህሉ መኪኖች ካሜራ አላቸው። ባለቤቶቻቸው ተኝተዋል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ካሜራው ግን ይቀርጻል።

የእኛም መኪና ዳሽ ካም ነበራት። ጓደኛዬ አዲስ አበባ በቆመችበት ጎኗን ገጭተው ካመለጡት ወዲህ ነው ያስገጠመው። ገጣሚው "ቆማም እንድትቀርጽልህ" ብሎ ሽቦውን ቁልፍ ሲዘጋ ከማይቋረጠው መስመር ላይ ቀጥታ ቀጠለለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልንነሳ ስንል ሞተሪኖው ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። የግቢው ዘበኛ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ፣ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው መጡና በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ።

"ይሄ ነገር ሁለት ሌሊት ሙሉ ዓይኑን ሲያርገበግብ አይቼው 'ምን እየበላ ነው የሚያድረው?' ብዬ ነበር" አሉ።

"የመኪናውን ባትሪ ነዋ፣ አባባ።"

"እንግዲያ ጠባቂው ነው የበላችሁ።"

የአባባ ጥያቄ ከካሜራ ሻጩም ከገጣሚውም ጥያቄ ይሻላል። ካሜራ ስንገዛ ስንት ፒክስል እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ሌሊት ያያል ወይ፣ ኋላም አለው ወይ እንላለን። ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አንጠይቅም። ይህ መንገድ ሳይሠራ በፊት በይፋት ቆላ ወደ ሸዋ ደጋ ሸቀጥ የሚያወጡ ሲራራ ነጋዴዎች በሰፈሩበት ሁሉ የሌሊት ጠባቂ ያቆሙ ነበር፤ ለጠባቂውም ከበሶው ይደርሰዋል። ስንቅ የሌለው ጠባቂ ወይ ይተኛል፣ ወይ ከሚጠብቀው ዕቃ ይበላል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። እንዲህ ያለ ካሜራ 4 ዋት ገደማ ይስባል። በ12 ቮልት ሲሰላ የአንድ አምፔር ሲሶ ነው፤ በአንድ ሙሉ ቀን 8 አምፔር ሰዓት፣ በሁለት ቀን 16። አዲስ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን ይችለዋል። ነገር ግን በሮቢት መንገድ ላይ ስንቱ ባትሪ አዲስ ነው? የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል ይባላል። መካኒኮች ሲጫወቱ ባትሪ የሚሞተው ቆላ ነው፣ መሞቱ የሚታወቀው ደጋ ነው ይላሉ። ከጎኑ 60 የተጻፈበት ያረጀ ባትሪ የያዘው 30 ላይሞላ ይችላል፤ ሞተር ለማስነሳት ደግሞ ከዚያም ብዙው ሳይነካ መቆየት አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ባትሪ ለመጨረስ ሁለት ሌሊት በቂ ነው። የከባድ መኪናውማ ነገር ይብሳል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ይሆናል፤ ካሜራው 12 ከፈለገ አንዳንድ ገጣሚ መቀነሻ መግዛቱን ትቶ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይስብለታል። ያ ባትሪ እየጎደለ፣ ጓደኛው ከልኩ በላይ እየተሞላ፣ ሁለቱም ያለጊዜያቸው ይጠፋሉ። ለቴፕም ድሮ እንዲሁ ሲደረግ ነው የኖረው።

ይህን ያወቁ ሾፌሮች ሌላ መላ ይዘዋል። ካሜራውን ከመኪናው ባትሪ ነጥለው ለብቻው ስንቅ ይሰጡታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ የሚሞላበትን ፓወር ባንክ። ሐሳቡ ትክክል ነው። 20,000 የተጻፈበት ደህና ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 60 ገደማ ይተርፋል፣ ያም ካሜራውን 15 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ይበቃል ማለት ነው። የተጻፈበትን ያህል የማይዘው ግን ገበያው ላይ ሞልቷል። አንዳንዱም ካሜራው የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ስልኩ የሞላ መስሎት በራሱ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ስፖኪዮው ከተወሰደ በኋላ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሌሊቱ ነገር አይደለም፣ የቀኑ ነው። ከሾፌሮቹ አንዱን "ቀን የት ታኖረዋለህ?" አልኩት። "እዚያው ነዋ" አለኝ፣ ወደ ዳሽቦርዱ እያመለከተ። ከመስታወቱ ሥር፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት በምታርፍበት፣ ፓወር ባንኩ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ሮቢት ላይ ውጪው 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። የተለመደው የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይሞላ፣ ከ60 በላይ ደግሞ ጨርሶ እንዳይቀመጥ ሠሪዎቹ ያስጠነቅቃሉ። እኛ ግን እዚያው አስቀምጠን፣ መኪናው ሲነሳ ከላይተሩ እየሞላነው እንሄዳለን። ይህን ያህል የታመቀ ጉልበት ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ዓለም አይቶታል። ሳምሰንግ በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኖት 7 የተባለውን ስልኩን ባትሪው እየነደደ ስላስቸገረ ከመላው ዓለም ሰብስቧል። ጥር 2017 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሊነሳ ሲል የተቃጠለው የኤር ቡሳን አውሮፕላን ጉዳይም መርማሪዎችን ወደ ፓወር ባንክ ነው የመራቸው፤ ተሳፋሪዎቹ ደግነቱ ተርፈዋል። አይሱዙ አውሮፕላን አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ረዳቱ የተኛባት አልጋ አለች።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራ ባትሪ አለ። ውስጡ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ሙቀትን ከተራው ይልቅ ይችላል፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም። ከመኪናው ጋር በፊውዝ ይገናኛል፤ ሞተሩ ሲሠራ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ራሱን ከመኪናው ባትሪ ቆርጦ ካሜራውን ብቻ ይመግባል። ከወንበር ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ክፋቱ ዋጋው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይበልጣል። ሁለተኛው መንገድ ረከስ ይላል፤ የመኪናው ባትሪ ከተወሰነ ቮልት ሲወርድ መስመሩን የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ አለ። እሱ እንኳ ቢኖር እኛ ያን ጠዋት ገመድ ፍለጋ ግቢ ለግቢ ባልዞርን። ካሜራውንም ሲገዙ በውስጡ ሊቲየም ሳይሆን ሱፐር ካፓሲተር ያለውን መምረጥ ለቆላ ሰው ግድ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ይህን ስም የሚጠራ ገዢ ግን ገና አላየሁም፤ እኔም ከዚያ ጠዋት በፊት አልጠራሁትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ይቅርብን የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። የቆመ መኪና ገጭቶ መሄድ ልማድ ሆኗል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ገጪው ካልታወቀ ግን ባለመኪናው የማንን መድን ይጠይቃል? ድሮ ቢያንስ ያየ ሰው ታርጋውን በክብሪት ቀፎ ላይ ጽፎ ያቆይ ነበር። ዛሬ ያየም "አላየሁም" ይላል፤ ምስክርነት ሥራ ያስፈታል፣ ቀጠሮ ያመላልሳል፣ ያጣላልም። ካሜራው የሰው ዝምታ የወለደው ምስክር ነው፤ አልነቅፈውም።

ይሁን እንጂ የታመነበትን ያህል አይመሰክርም። 64 ጊጋባይት ካርድ እንደ ምስሉ ጥራት 10 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እያጠፋ በላዩ ይቀርጻል። ከፓወር ባንክ የሚበላ ካሜራ ደግሞ መኪናው መቆሙን አያውቅም። ሲነካ ብቻ መንቃት ሲገባው ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ይቀርጻል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የተገጨ መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሲከፍተው የሚያየው የዘበኛውን እግርና የአንዲት ድመት ዝውውር ነው። የገጪው ታርጋም በራሱ መብራት ነጸብራቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋማ ነገሩ ሁሉ ያበቃል። በዚህ መስመር ባለፉት ዓመታት መኪና ለቀናት ቆሟል፤ ለአንድ ሌሊት የተሰላ ስንቅ ለዚያ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ፤ ባለካሜራ ሾፌሮች የማያነሱት። ያን ሌሊት በረንዳ ላይ ያደርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሙቀት ባየለ ጊዜ የቆላ ሰው ምንጣፉን ይዞ ደጅ ይወጣል፤ እናት ልጇን ታጠባለች፣ ሽማግሌ ሸሚዙን አውልቆ ይጋደማል። የቤቱን ገመና ለጎረቤት እንጂ ለአላፊ መኪና አላሳየም። አጥር ሥር የቆመው መኪና ግን ዓይኑን ገልጦ ያድራል፣ ሲነጋም የቀረጸውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 2010 እንዲህ ያለ ቀረጻ የዳታ ጥበቃ ሕግን የሚጥስ ቢሆን እንኳ በአደጋ ክስ በማስረጃነት ሊታይ እንደሚችል ወስኗል። ክርክሩ እኛም ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። እስከዚያው አፍንጫውን ከሰው በረንዳ ወደ ግቢው በር ማዞር አዋጅ አይጠይቅም። ሾፌሮቹ ራሳቸው ኬላ ሲቃረቡ ካሜራውን ነቅለው መሳቢያ እንደሚከቱ ነግረውኛል። መቀረጽ የማይወድ ሰው መኖሩን ያውቃሉ ማለት ነው፤ ግን መሣሪያ ለያዘው ነው የሚጠነቀቁለት።

የማሳደሪያ ግቢዎቹንም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ለአንድ ሌሊት ይከፈላል፣ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። ብዙዎቹ ግን ጥላ የላቸውም፣ በቂ መብራት የላቸውም፣ ከተሰረቀ ማን እንደሚጠየቅ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ አምፖል በር ላይ፣ አንድ ቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ዘበኛው ቤት ውስጥ ቢጠይቅ ብዙ አይደለም። በርና መብራት ላይ የተገጠመ የግቢው አንድ ካሜራ የሃያውን መኪና ካሜራ ያሳርፋል፤ ከመስመር ስለሚበላም ስንቁ አያልቅም፣ መብራት ሲጠፋ ካልሆነ በቀር። መብራት መጥፋቱን ግን እናውቀዋለን።

የእኛን መኪና ያስነሳልን የአንዱ ሲኖትራክ ሾፌር ነው፤ ከአንደኛው ባትሪው ብቻ ገመድ ስቦ ሰጠን። ሞተሯ ሲነሳ ጓደኛዬ መጀመሪያ የነቀለው የካሜራውን ሽቦ ነበር። ዘበኛው እስኪያልቅ ቆመው አዩና ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱን። ሦስት ፓወር ባንኮች መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዳቸው ላይ በፕላስተር የመኪና ታርጋ ተጽፎባቸዋል። ደንበኞቻቸው ጠዋት ሰጥተዋቸው ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ማታ ሲመለሱ ይወስዳሉ። ያስቀመጧቸው ከእንስራው አጠገብ ነው፣ ከግቢው ሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ።

"ውኃ እንዳይፈስበት ብቻ፣ አባባ" አልኳቸው።

"እንስራው ከእኔ ጋር አርባ ዓመት ኖሯል፣ ልጄ" አሉ። "አዲስ የመጣው እሱ ነው፤ እሱን ነው የማየው።"