ደብረ ታቦር ባቡር ጣቢያ ይኑራት፣ በጣውላም ቢሆን

ደብረ ታቦር ውስጥ አናጺ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች እንጨት ሊማሩ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሀዲድ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ደርሷል፤ ዞናችንን ደቡብ ጎንደርን ግን እስካሁን አልረገጠም። ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ቢሰፍርም አልተነጠፈም። እኔ የምለው፣ የደብረ ታቦርን ጣቢያ ትምህርት ቤቶቻችን አሁኑኑ በሞዴል ይሥሩት።

ባቡር ዝም ብሎ የሚዞርበት መጫወቻ አይደለም የምፈልገው፤ ፉርጎ የሚለይበትና የሚደረደርበት የጭነት ጣቢያ ነው። እንግሊዛዊው አላን ራይት የነደፈው ‹ኢንግልኑክ› የተባለው አሠራር ለዚህ ይበቃል። ፉርጎ የሚቆምባቸው ሦስት ሀዲዶች አሉት፤ አንዱ 5፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ። ከ8 ፉርጎዎች ለ5ቱ ዕጣ ይወጣና በዕጣው ተራ መሰለፍ አለባቸው። ፉርጎ አንስቶ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ መሳብና መግፋት ብቻ። ዕጣው የሚያወጣው ተራ 6,720 ዓይነት ነው። የኛዎቹ ፉርጎዎች የፎገራ ሩዝ፣ የፋርጣ ድንችና የጋይንት ገብስ ጭነዋል። «ጋሼ፣ ከኋላ ያለውን ድንች ለማውጣት የፊቱን ሩዝ የት ላቁመው?» አለችኝ አንዷ። የጭነት ጣቢያ ሥራ ማለት ይኸው ጥያቄ ነው።

መልክዓ ምድሩም የራሳችን መሆን አለበት። ልኩ አንድ ለሃምሳ ነው፤ 1.435 ሜትር የሚሰፋው ሀዲድ ወደ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የጉና ተራራ ግን በዚሁ ልክ ቢሠራ ከከተማው በላይ ያለው ከፍታ ብቻ ከ25 ሜትር ስለሚያልፍ ግድግዳ ላይ ሣልነው፤ ሩቅ ተራራ ሰማያዊ መስሎ ስለሚታይም አናቱን አፈዘዝነው። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ ኮላ ላይ የተበተነ የማሳ አፈር ነው። የባሕር ዛፉን ቅጠል ከሰጋቱራ ሠራን። አንድ ልጅ ታዲያ ውጭ ወጥቶ ለጋ ባሕር ዛፍ አየና «ይኼ እኮ አረንጓዴ ሳይሆን ወደ ግራጫ ያደላ ነው» ብሎ ሰጋቱራውን እንደገና ነከረ። በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈውን ዛፍ ያን ዕለት አየው።

መጽሐፍ ሳይሟላ ሞዴል ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። መልሴ ጋፋት ነው። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራው እዚያ፣ እዚሁ አጠገባችን ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ የቴዎድሮስ ሰዎች በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረቡ፣ የበሸሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ ያደረሱት በጉልበታቸው ነው። በዚያው ዓመት በቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ስንቁን ለማመላለስ ከዙላ ወደብ ሀዲድ ዘርግቶ ነበር። መድፍ መሥራት ተምረን ነበር፤ ጭነትን በሀዲድ ማንቀሳቀስ ግን ገና ነበርን። ያ ጉድለት የሚሞላው ከልጅነት ጀምሮ ነው።

የዞኑ ትምህርት መምሪያና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ይስጡን። ጣውላውንና ሰጋቱራውን እኛ አናጺዎች እናመጣለን።