የጥቅምት ፀሐይ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኛት አንዲት ግንብ አለች። ክረምቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ቦታ ይያዝባታል። አዛውንቶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጀርባቸውን ይሰጧታል። ከአዳር የወጣ ዘበኛም ቤቱ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይቆማል። ሰኞ ዕለት ታክሲ ስጠብቅ እኔም ጠጋ አልኩ። አንድ አባት «ና ልጄ፣ ፀሐይ ኪራይ አትጠይቅም» ብለው ፈቀቅ አሉልኝ።

እኛ ዓመቱን ክረምትና በጋ ብለን ለሁለት ከፍለን እንገላገለዋለን። በአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። ከተማሪ ቤት ወዲህ ስሙን ሲጠራ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። ለኔ ግን የዓመቱ ድሎት ያለው እዚህ ነው። የክረምት ብርድ እርጥብ ስለሆነ ምንም ቢደርቡ ዘልቆ ይገባል። የጥቅምቱ ደረቅ ነው፤ ደመናው ስለተገፈፈ ሌሊት የምድሩ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያለ ከልካይ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው እንጦጦ ግርጌ ለምንኖር ጉለሌዎች ይህ ይብስብናል። ጥላ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ሰው መንገድ ሲሻገር ጃኬቱን ያወልቃል።

ጋቢ ሰፈራችን ውስጥ አይቸግርም። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት። አዲስ ጋቢ ሻካራና ከባድ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ሲለሰልስ ነው ጋቢ የሚሆነው። አምና «ንጹሕ የእጅ ፈትል» ተብዬ የገዛሁት ግን ከመጀመሪያው እጥበት ሲወጣ ተሰብስቦ ለልጄ ልክ ሆነ። ልጄ አላማረረም።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ ለዚህ ብርድ ሥጋ ነው መድኃኒቱ ለማለት። ችግሩ ጽጌን የሚጾም ሰው ቤት ሲኖር ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ እናቴ ትጾማለች፣ እኔ አልጾምም፤ ሁለት ድስት ይጣዳል። እውነቱን ልናገርና፣ ብዙ ጊዜ የኔን ቅልጥም ትቼ የሷን ሽሮ ነው የምበላው።

ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ ስትወጣ በሩን እዘጋላታለሁ። «አንተስ?» ማለት ከተወች ቆይታለች። ተመልሼ ብርድ ልብሱ ውስጥ እገባለሁ። ከበሮው መጀመሪያ በዝግታ ይሰማኛል፣ እየቆየ ይፈጥናል፤ ሳልጠግበው እንቅልፍ ይወስደኛል።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ስትመለስ ቤት አትገባም። በርጩማዋን ፀሐይ ወዳለበት ጎትታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሮቿን ትዘረጋለች። ቡናውን እኔ አወጣላታለሁ።