ልምላሜ ሁሉ ጥጋብ አይደለም

ከሐረር ከተማ በኤረር በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የማሽላና የበቆሎ እርሻ፥ የጫትም ተክል፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ የኤረርን ሸለቆ ያያል። በነሐሴ ወር ይህ ሁሉ ለምልሞ ሲታይ ዓመቱ መልካም ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ልምላሜ ሁሉ ጥጋብ አይደለም፤ ድርቀትም ሁሉ ሞት አይደለም። አዝመራውን እንዲመረምር የተላከ ሹም ይህን ካላስተዋለ የረኃቡን ዓመት የጥጋብ ዓመት አድርጎ ይጽፋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን መጸው፥ በጋ፥ ጸደይ፥ ክረምት ብለው በአራት ይከፍሉታል። አዝርዕትና ዛፎችም ድርቅን የሚቋቋሙበት መንገድ በነዚህ ወራት የተለያየ ነው።

ጸደይ መጋቢት 26 ቀን ገብቶ የበልጉ ዝናም ሲጥል፥ የሐረርጌ ባላገር ብዙ ወራት የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል። በልጉ ቢቀር ዘሩ ወይ ሳይበቅል ይቀራል፥ ወይ በቅሎ ይጠወልጋል፤ ባላገሩም እንደ ገና እስኪዘራ ድረስ ወሩ ያልፍበታል።

በክረምት ዝናም ቢቋረጥ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ፥ በቅጠሉ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አጥብቦ፥ እድገቱንም ገትቶ ይጠብቃል፤ ዝናሙ ሲመለስ እንደ ገና ይነሣል። በቆሎ ግን ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም፤ በሚያብብበት ጊዜ ውሃ ቢያጣ ጸጉሩ ዘግይቶ ስለሚወጣ የአበባው ብናኝ አያገኘውም፥ ቆረቆንዳውም ባዶ ይሆናል።

መጸው ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ወቅት ነው። ዘግይቶ የተዘራው ማሽላ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ዝናሙ ያቆማል፤ አገዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ራሱ ገለባ ይሆናል። እንዲህ ያለው አገዳ ለበሬ መኖ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለልጅ እንጀራ አይሆንም።

በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙዎች ዛፎች ውሃ ለመቈጠብ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ፥ ገርቢ የሚባለው ግራር ሥሩን በጥልቅ ሰዶ በበጋ ይለመልማል፥ በክረምትም ይራቈታል። ስለዚህ አዝመራውን በጥላው አይጋርድም፤ ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፥ ፍሬውም ከብት ይቀልባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የታተመ በሐረርጌ ደጋ የተደረገ ጥናት ከገርቢ ሥር የተዘራው በቆሎና ማሽላ ከሌላው ከግማሽ በላይ ብልጫ ያለው ምርት መስጠቱን አስረድቷል። በሐምሌ ተራቊቶ ያየው ሰው ደርቋል ብሎ ቢቈርጠው ግን ሕያው ሀብት አጠፋ።

በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ አገር ስለ ጐደለ፥ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ ርዳታ አስፈለጋቸው፤ ሐረርጌም ከተጐዱት አንዱ ነበረ። በሐረር አቅራቢያ ባለው በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። መልካም ዘር መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚሰጠው በሽታው በጊዜው ሲታወቅ ነው።

እንግዲህ አዝመራን የሚመረምር ሹም ከመንገድ ዳር ሆኖ የእርሻውን መልክ ብቻ ማየቱ አይበቃም። እርሻው የተዘራበትን ቀን ይጠይቅ፤ በመስከረምም የማሽላውን ራስ በእጁ ጨብጦ ፍሬ መቋጠሩን ይመልከት። ቀን መቊጠር የሚያውቀው ካህንም ሼኹም የመጀመሪያው ዝናም የጣለበትንና የቆመበትን ዕለት በየዓመቱ ቢጽፉ፥ ለሹሙ የታመነ ምስክር ይሆኑታል። በመስከረም የታወቀ ችግር በሬው ሳይሸጥ ይረዳል፤ በጥር የታወቀ ግን በሬውም ተሸጦ፥ የዘሩም እህል ተበልቶ ይቈያል።